ጨጓራዬን ብዬ ያሠራኋት ሳይክል

ሰው ሁሉ መኪና ይወዳል ይባላል። እኔም እወዳለሁ። የማይወደው ጨጓራዬ ነው።

ሳቁ፣ ግድ የለም። መኪና የማያዞረው ሰው ሁሌም ይስቃል። መስኮት ስር ተደላድሎ፣ በቆሎውን እየፈለፈለ፣ "አይ አገራችን፣ እንዴት ታምራለች" ይላችኋል። እኔ አገሬን በመኪና መስኮት አይቻት አላውቅም። እኔ የማየው የያዝኩትን ፌስታል ነው። ከሲኒማ ራስ እስከ አማኑኤል፣ ያቺን መንገድ የማትባል መንገድ እንኳን ጋቢና ካልተቀመጥኩ አልችላትም፤ ታክሲው ገና ሳይንቀሳቀስ "ወራጅ" እላለሁ። ረዳቱ "አሁን አይደል እንዴ የገቡት ፋዘር?" ይለኛል። ምን ብዬ ላስረዳው?

መድኃኒት ያልሞከርኩ እንዳይመስላችሁ። ሎሚ አሸትት ነበር፤ ከብዛቱ የተነሳ ዛሬ ሰላጣ ላይ ሎሚ ሲጨመቅ አውቶቡስ ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል። ወረቀት ሆድህ ላይ አድርግ ያሉኝም ነበሩ። አንድ ሙሉ ጋዜጣ ከሸሚዜ ስር ወትፌ፣ በተነፈስኩ ቁጥር እየተንኮሻኮሽኩ ሄድኩ። መጨረሻ ላይ ጋዜጣውን ለሌላ ነገር ተጠቀምኩበት።

ታዲያ ይህን ጉዴን የምታውቀው ሚስቴ ብርቄ ብቻ ነበረች። እኔ መርካቶ ውስጥ መጋረጃ ነጋዴ ነኝ። ሱቄ ከሲኒማ ራስ ገባ ብሎ ነው። ሰው አክብሮ "ጋሼ" የሚለኝ፣ የዕድር ዳኛ የሆንኩ ሰው፣ በአደባባይ ወጥቼ "መኪና ያስመልሰኛል" ልበል? ይህ እኮ የሕፃን በሽታ ነው። ቢያንስ ሪህ ቢሆን ያስከብራል።

አሁን መስቀልን አስቡት። መስቀል ሲደርስ መርካቶን አይታችኋት ታውቃላችሁ? ያ ሁሉ ግፊያ፣ ያ ሁሉ "መንገድ፣ መንገድ" ይጠፋል። እኛ ጉራጌዎች ሱቃችንን ቆልፈን አገር ቤት እንገባለን። አውቶቡስ ተራ በበኩሉ ይጨናነቃል፤ ሰው በበር አልበቃ ብሎት በመስኮት ይገባል። እኔ ግን ለብዙ ዓመት ከዚህ ሁሉ ቀርቼ ነበር። የመጨረሻ ጊዜ የሄድኩት በቅጥቅጥ አውቶቡስ ነው። አጠገቤ አንዲት ደግ ሴት ተቀምጣለች። ለአማቷ የገዛችውን ነጭ ቀሚስ ከፌስታሉ አውጥታ፣ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ጥለቱ እንዴት እንደሚያምር ልታሳየኝ ፈለገች። ምን ነበረበት ብትተወው? ቱሉ ቦሎ እንኳን አልደረስንም ነበር። ከዚህ በላይ አልነግራችሁም።

ከዚያ በኋላ መስቀል በመጣ ቁጥር ሰበብ ፈጣሪ ሆንኩ። ዕቃ ከጉምሩክ አልወጣልኝም። ሱቁን የምተውለት ሰው የለኝም። ወገቤን አሞኛል። ድርሻዬን እልካለሁ፣ ብርቄንና ልጆቹን እልካለሁ፣ ራሴን ግን አልልክም። ታናሽ ወንድሜ ሽመልስ የራሱ መኪና አለው፤ በየዓመቱ "በእኔ መኪና እንሂድ" ይለኛል። መኪናው አዲስ ቆዳ ቆዳ ይሸታል። ገና ሲነግረኝ ነው አፌን ውኃ የሚሞላው።

አንድ ዓመት ታዲያ ሐምሌ ላይ ከአባቴ መልእክት መጣ። አባቴ ከእምድብር ወዲያ ነው የሚኖሩት። ሰማንያን አልፈዋል። "የበኩር ልጄ ዘንድሮ ካልመጣ በሬው አይታረድም፤ እዚያው እንደታሰረ ይክረም" ብለዋል አሉ። በጉራጊኛ ነው ያሉት፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው በጣም ለዝቧል።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በቤታችን ደንብ የመስቀሉን በሬ መርቀው ቢላዋውን የሚያስጀምሩት እሳቸው ናቸው። እሳቸው አፋቸውን ከዘጉ ማንም ቢላዋ አያነሳም። ያ ሁሉ ወንድም፣ እህት፣ አማች፣ የልጅ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ያችን ቀን ሲጠብቅ ቆይቶ ጎመን ሊበላ ነው። ስልኬ አላረፈም። እህቴ ደውላ "አንድ በሬ በአንተ የተነሳ ሳይታረድ ሊቀር ነው" አለችኝ። በሬው ቢሰማት ደስ ባለው።

እኔ ግን የበሬው ነገር አይደለም የከነከነኝ። መልእክቱን ያመጣው የሰፈራችን ሰው ሊወጣ ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አባቴ መስቀል በመጣ ቁጥር በር ላይ ተቀምጠው እስኪመሽ መንገዱን እንደሚያዩ ነገረኝ። "ልጄ አፍሮብናል" እያሉ ነው አለ። አንጀቴን በላው። እኔ በእሳቸው ላፍር?

ብርቄ ማታ "እንግዲህ ንገራቸው" አለችኝ። ሞቼ ነው የምናገረው አልኳት። "ታዲያ በምን ልትሄድ ነው? በቅሎ ልንገዛልህ ነው?" አለች። ያን ጊዜ ነው ሳይክሏ ትዝ ያለችኝ።

ሳይክሏን ሐኪም ነው ያስገዛኝ። ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ ተንቀሳቀስ አለኝ። እኔም ሞቅ ብሎኝ ማውንቴን ባይክ ገዛሁ። ከዚያ ሱቄ ጓዳ አስገባኋት፣ ቡኒ መጋረጃ አለበስኳት፣ ረሳኋት። ስኳሬም እንደዚያው። አሁን ታዲያ አቧራዋን አራግፌ እስከ ዓለም ገና ሞከርኳት።

ጨጓራዬ ዝም አለ። እናንተዬ፣ ዝም አለ። ነፋሱ ፊቴን ይመታኛል፣ አገሩን አያለሁ፣ ምንም አያቅለሸልሸኝም። ደስታዬን ግን ብዙ አላጣጣምኩትም፤ የቀረው ሰውነቴ ጨጓራዬን ተክቶ መጮህ ጀመረ። ለካ ማውንቴን ባይክ የተሠራችው ከድንጋይ ድንጋይ ለሚዘል ጎረምሳ ነው። መሪዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የወደቀ ሳንቲም እንደምትፈልጉ ጎንበስ ብላችሁ ነው የምትነዷት። ወገቤ ተቆረጠ። መዳፌ ደነዘዘ። ኮርቻዋን ኮርቻ ያላት ሰው ተቀምጦባት አያውቅም፤ ቢላዋ ናት። ያን ቀን ማታ ብርቄ እራት አቅርባ ቁጭ በል ብትለኝ ቆሜ በላሁ።

በማግስቱ ጋሽ ተካ ዘንድ ወሰድኳት። ጋሽ ተካ አማኑኤል ሆስፒታል አካባቢ ሳይክል የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው። ድምፃቸው ትልቅ ነው፤ ሲቆጡም ሲያመሰግኑም አንድ ዓይነት ነው የሚጮሁት። ወልቂጤ ድረስ አስፋልት፣ ከዚያ ኮረኮንች፣ መጨረሻው ጭቃ ነው አልኳቸው። "በዚህች? አንተ ጤና የለህም እንዴ?" አሉኝ። አማኑኤል ላይ ሆኖ እንዲህ መባል ደግሞ ትንሽ ያሳስባል።

ቢሆንም ሥራቸውን ጀመሩ። ዝቅ ያለውን መሪ ፈተው ጣሉና፣ ከአንድ አሮጌ የከተማ ሳይክል ላይ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ የተቆለመመ መሪ አምጥተው ገጠሙላት። ተቀመጥኩባት። ጀርባዬ ቀጥ አለ፣ አንገቴ ተቃና። እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ስዞር ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ቀጥሎ ጎማዋን አዩ። ጥርሱ የገጠጠ ጎማ ጭቃ ላይ ጥሩ ነው፣ አስፋልት ላይ ግን ያጉተመትማል፣ ጉልበት ይበላል አሉ። እኔ ደግሞ ልሙጥ ጎማ ኮረኮንች ላይ ያንሸራትተኛል ብዬ ተከራከርኩ። ጮሁ። ጮህኩ። በመጨረሻ መሀሉ ልሙጥ፣ ጎንና ጎኑ ጥርስ ያለው፣ ወፈር ያለ ጎማ ተገኘ። ሁለታችንም ያሸነፍን መሰለን። ጭቃው ልብሴን እንዳያበላሸው ብለው ከጎማዎቹ በላይ የጭቃ መከላከያ፣ እኛ ፓራፋንጎ የምንለውን፣ ጥብቅ አድርገው አሰሩላት። ያቺን "ጥብቅ" አስታውሳችሁ ያዙልኝ፤ አሁኑኑ ትመጣለች።

ኮርቻው ግን በጎረቤቴ በሸምሱ እጅ ወደቀ። ሸምሱ የስልጤ ልጅ ነው፤ ከሱቄ ቀጥሎ ፍራሽና ስፖንጅ ይሸጣል። ለመስገድ ሲሄድ ሱቁን እኔ አይለታለሁ፣ እኔ ስወጣ የኔን እሱ ያይልኛል። ለሸምሱ በዚህ ዓለም ላይ ያለ ችግር ሁሉ መፍትሔው ስፖንጅ ነው። "መቀመጫ ነው ያልከኝ? ለሱ ሌላ ማንም ጋ እንዳትሄድ" አለና ሳይክሏን ከእጄ ነጠቀኝ።

መርካቶ ውስጥ ደግሞ አንድ ዕቃ ከተፈታ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም። ሸምሱ አንድ ድርብ ስፖንጅ ሲያደርግ መንገደኛው ቆሞ "ጨምርበት፣ መንገዱ ረጅም ነው" ይለዋል። ይጨምራል። ሌላው መጥቶ በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ "ይሄ እኮ ነገ ይተኛል" ይላል። አሁንም ይጨምራል። ሲጨርስ ሳይክሏ ላይ ያለው ነገር የአንድ ሰው ሶፋ ነበር። ደገፉኝና ወጣሁ። ምቾቱን ልንገራችሁ? እንቅልፌ መጣ። ችግሩ እግሬ ፔዳሉ ጋ አልደረሰም። አየር ላይ ተንጠልጥዬ እንደተቀመጥኩ ጋሽ ተካ ደረሱ። ምን እንዳሉ ለመጻፍ አይመችም። ሸምሱም ዝም አላለም፤ "አንቱ ብረት ነው የሚያውቁት፣ ሰው የሚቀመጠው ብረት ላይ አይደለም" አላቸው። ግማሽ ቀን ተጨቃጨቁ። እኔ ሶፋዬ ላይ ሆኜ አዳመጥኳቸው፤ ብቻዬን መውረድ አልቻልኩማ።

የታረቁት እንዲህ ነው። ጋሽ ተካ ከስሩ የሽቦ ሞላ የተገጠመለት፣ ሰፋ ያለ የድሮ ኮርቻ አመጡ። ሸምሱ ከላዩ አንድ ስስ ስፖንጅ ብቻ እንዲያደርግ ተፈቀደለት። እኔም ከተረፈኝ ከፋይ መጋረጃ ቁራጭ ቆርጬ አለበስኩት። ወይን ጠጅ ቀለም ነው። ያማረ ነገር ሆነ።

ቀጥሎ የመጣው ዕቃ መጫኛው ነው። ልብሴንና ውኃዬን የምይዝበት ብዬ ከምናለሽ ተራ ብረት ተገዝቶ ከኋላዋ ተበየደላት። ምናለ በቀረብኝ። መጫኛ ያለው ነገር ለመስቀል አገር ቤት ይሄዳል የሚል ወሬ መርካቶ ውስጥ ሲወጣ ምን እንደሚሆን እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? እኛ እኮ ሰው አገር ቤት ሲሄድ ባዶ እጁን አንለቅም። ዕቃ የምንልከው አምነን፣ አክብረን ነው፤ እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው። አንዱ ለእናቱ ብርድ ልብስ ይዞ መጣ። አንዱ ለአጎቱ ጃንጥላ። አንዷ የብረት ድስት ከነክዳኑ፣ "ለአያቴ ናት፣ ክዳኗ እንዳይጠፋብኝ አደራ" ብላ አስረከበችኝ። ሳይክል መሆኑን አይተዋል እኮ። አይተው ነው። "ቀስ እያልክ ትደርሳለህ" ነው የሚሉኝ። እኔም እሺ፣ እሺ እያልኩ ተቀበልኩ። በመጨረሻ ልሞክራት ብዬ ስወጣባት ፊቷ እንደ ድንጉጥ በቅሎ ሽቅብ ተነሳ። እኔ ወደ ኋላ፣ ድስቷ ወደ ሸምሱ ሱቅ።

ያን ቀን ተስፋ ቆረጥኩ። የእውነት ነው የምላችሁ። ወገቤን ይዤ ደጃፌ ላይ ቁጭ አልኩና፣ አባቴ በር ላይ ተቀምጠው መንገድ ሲያዩ ታየኝ። ዘንድሮም ቀረሁ አልኩ በልቤ። ብርቄ መጣች። የተበተነውን ዕቃ አየች፣ እኔን አየች። "እኔና ልጆቹ በአውቶቡስ አይደለም እንዴ የምንሄደው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ታዲያ እኛ አንይዘውም? ዕቃውንም መኪና ያዞረዋል?"

እፎይ። እንዲህ ያለች ሚስት ይስጣችሁ።

መንገዱን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ደስታ ረጅም ወሬ የለውም። ከብርቄና ከልጆቹ ቀድሜ፣ በምን እንደምመጣ ለማንም እንዳይናገሩ አደራ ብዬ፣ ሱቄን ለሸምሱ ሰጥቼ፣ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ሰበታን አለፍኩ። ተፍኪ ላይ አደይ አበባውን አየሁት። በሕይወቴ ስንት ጊዜ በዚያ አልፌያለሁ፣ ለካ አደይ አበባ አለ። መሪው ከፍ ብሎልኝ ቀና ብዬ፣ ከፋዬ ላይ ተደላድዬ፣ ከገበያ ለሚመለሰው ሁሉ ሰላምታ እየሰጠሁ ነዳሁ። ሲደክመኝ እወርዳለሁ፣ አቀበት ሲሆን እገፋለሁ፣ ማን ይቆጣኛል? ቱሉ ቦሎ አደርኩ፣ ወልቂጤ አደርኩ። አውቶቡሶች በአጠገቤ እየጮሁ ያልፋሉ፤ በመስኮታቸው ፌስታል ይዞ ያንገፈገፈው ሰው አያለሁ። አይዞህ ወንድሜ እላለሁ በልቤ። ከወልቂጤ በኋላ ኮረኮንቹ ሲጀምር ፈርቼ ነበር፤ ጋሽ ተካ ግን ጎማውን እንደ ድንጋይ አታስነፋው ብለው መክረውኝ ስለነበር ትንሽ አስተነፈስኩት፣ ሞላውም ከስር ከፍ ዝቅ እያደረገኝ አለፍኩት።

ያቺ "ጥብቅ" የመጣችው ከእምድብር በኋላ ነው። የእርዱ ቀን ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል ገብቶ ተጠቀጠቀ፣ ጎማው አልዞርም አለ። በእንጨት ጎርጉሬ አወጣለሁ፣ ጥቂት እሄዳለሁ፣ እንደገና ይሞላል። ወዲያው ደግሞ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። እዚህ ድረስ መጥቼ፣ ሰፈራችን ያሉት ባሕር ዛፎች እየታዩኝ፣ አባቴ "በቃ፣ ቀረ" ብለው በሬውን ፈተው ሊያስገቡት ነው። ፓራፋንጎውን ልፈታው ብል መፍቻ የለኝም። ጎትቼ ገነጠልኩት። ጋሽ ተካ ይቅር ይበሉኝ። አሁንም አልዞር ስትለኝ ሳይክሏን ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ ሩጫዬን ተያያዝኩት። ከመርካቶ እስከዚያ ተሸክማኝ መጥታለች፤ ተራዬ ነው።

የጀፎሮው ሣር ላይ ስደርስ፣ ማለትም ያ በመንደራችን መሀል የሚያልፈው ሰፊ መስክ ላይ፣ አወረድኳትና ወጣሁባት። በክብር ልግባ ብዬ ነው። ከእግሬ እስከ ቅንድቤ ጭቃ ነኝ። በሬው ደጅ ላይ ታስሯል። ዘመድ ሁሉ ዙሪያውን ተኮልኩሏል። አባቴ በር ላይ ተቀምጠዋል። ልጆቼ "አባባ መጣ" ብለው ሮጡ።

ሌላው ሰው ግን ንቅንቅ አላለም። ዝም ብሎ ሳይክሏን ነው የሚያየው።

እኔ ሞኙ ይህን አላሰብኩትም ነበር። መስቀል እኮ ሰው ያፈራውን ይዞ የሚገባበት ቀን ነው። የተሳካለት በራሱ መኪና ይመጣል፣ ሌላው በአውቶቡስ። የመርካቶ ነጋዴ፣ የቤቱ በኩር፣ ለዓመታት ጠፍቶ፣ ጭቃ ለብሶ በሳይክል ሲመጣ ምን ይባላል? ከስሯል ነዋ የሚባለው። አክስቴ ናት የጀመረችው። ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ "የወንድሜን ልጅ ምን ነካብኝ" ብላ እንባዋን አወረደችው። ሴቶቹ ተከተሏት። ሽማግሌዎች ወደ ጎን ወጥተው ተንሾካሾኩ፤ እንደገና ንግድ የሚጀምርበት ነገር እናዋጣለት እያሉ ነበር። አንዱ አጎቴ ጥጃ እሰጠዋለሁ ብለዋል። ብርቄን ባያት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትስቃለች፤ ለእነሱ ግን የምታለቅስ መስላቸው አቅፈው ያጽናኗታል።

አባቴ ግን ጠሩኝ። ጉልበታቸውን ሳምኩ። "ሱቁ ተቃጠለ ወይስ ከሰርክ? አትደብቀኝ" አሉኝ። አልከሰርኩም አልኩ። "ታዲያ መሳፈሪያ እንዴት አጣህ?" አሉ። መሬት መሬት እያየሁ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ "አባዬ፣ መኪና ያስመልሰኛል" አልኳቸው። "ስቀር የኖርኩት ለዚህ ነው። እንጂ እኔ በእርስዎ አፍሬ አላውቅም።"

በሬው ብቻ ነው የሚተነፍሰው።

አባቴ ዱላቸውን መሬት ላይ ሲያሽከረክሩ ቆዩና "ከእኔ ነው የወሰድከው" አሉ። ያኔ ሱቄን ስከፍት እሳቸው ሊመርቁልኝ ተነስተው ነበር። ወልቂጤ እንኳን ሳይደርሱ ከመኪናው ወረዱ፣ በእግራቸው ተመለሱ፣ "ላሟ ታማብኝ ነው የቀረሁት" ብለው ላኩብኝ። "ላሟ አልታመመችም" አሉ። "የታመምኩት እኔ ነኝ።"

አያችሁ፣ ያቺን ላም ለዓመታት ስጠላት ኖሬያለሁ። አባቴ ከልጃቸው ሱቅ ላም በለጠባቸው ብዬ ተቀይሜ ነበር። እሳቸው በኔ፣ እኔ በላሟ ተቀይመን፣ ለካ ሁለታችንም ፌስታል ይዘን ነው። አለቀስኩ። ጭቃው ስለነበረብኝ ብዙም አልታወቀብኝም።

ከዚያ ሽመልስ ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔስ መኪናውን ለምን የገዛሁ ይመስላችኋል?" አለ። ሲነዳ ብቻ ነው የማያዞረው። ለዚህ ነው መሪውን ለማንም የማይሰጠው፤ እኛ ስስት ይመስለን ነበር። ጥጃ ሊሰጡኝ የነበሩት አጎቴም ከወልቂጤ አልፈው የማያውቁት ለምን እንደሆነ ተናገሩ። እህቴም ሎሚዋን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየች። ቤተሰባችን በሙሉ ሲያስመልስ ኖሮ አንዱ ካንዱ ተደባብቋል። መሳቅ ተጀመረ። አባቴ ሲስቁ እንዲያ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ካየሁ ስንት ዘመኔ። እየሳቁ ነው የመረቁት፣ እየሳቁ ነው ቢላዋውን ያስጀመሩት። ያን ቀን የበላሁትን ክትፎ ልክ አትጠይቁኝ። ጨጓራዬ አንድም ቃል አልተናገረም።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ሳይክሏን ዞር ዞር ብለው አዩዋት። ከፋዩን ዳሰሱ። "አዙረኝ" አሉኝ። ዕቃ መጫኛው ላይ ብርድ ልብስ አጥፌ አስቀመጥኳቸው፣ ወገቤን ያዙ፣ ጀፎሮው ላይ ወረድን። ሣሩ ለስላሳ ነው፣ ነፋሱ ደስ ይላል። አጥራችንን ሳናልፍ ከኋላዬ ቀስ ብለው "አቁም እስቲ ልጄ" አሉ። "እያዞረኝ ነው።"

አቆምኩ። ሽመልስ ያለው ትዝ አለኝ፤ የሚነዳ ሰው አያዞረውም። አውርጄ ኮርቻው ላይ አስቀመጥኳቸው፣ መሪውን አስያዝኳቸው፣ እኔ ከጎናቸው ሆኜ ኮርቻዋን ደግፌ እገፋ ጀመር። ቀጥ ብለው ተቀመጡ፣ ቀና አሉ። "አሁን ተሻለኝ" አሉ። አገሩን እያዩ፣ ለሚያልፈው ሁሉ በጭንቅላታቸው ሰላምታ እየሰጡ ሄድን።

አክስቴ ከደጃፏ ቆማ ስታየን ቆየችና ወደ ጎረቤቷ ዞረች። "ሰማሽ አይደል፣ አልከሰርኩም ሲል?" አለቻት። "ሳይክሏንም ለአባቱ አስረከበ፤ ይኸው በእግሩ ቀረ።"